ጦርነቱን ማን ያቁመው? ከኮሪያ እስከ አንኮበር

ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሰው ቡና ይዞ ከተቀመጠ ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነስቶ ጦርነት ላይ ያርፋል። የትኛውም ጦርነት ይነሳ፣ «ከጀርባው ማን እንዳለ ታውቃለህ?» የሚል አይጠፋም። ስለ ዩክሬን ሲወራ አሜሪካ ትጠራለች። ስለ ሱዳን ሲወራ ኤምሬትስና ግብፅ ይጠራሉ። የራሳችን ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ የሚጠራው አገር እንደ ተናጋሪው ይለያያል። በቀደም አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ የውክልና ጦርነት ነው፤ አለቀ!» ብሎ ክርክሩን ዘጋብን።

አላለቀም። ከጀርባ ሰው መኖሩማ ምን ይገርማል? ታንክም አውሮፕላንም የማይሠራ አገር ሲዋጋ፣ የሚሸጥለት ወይም የሚሰጠው መኖሩ ግድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የሚዋጉት ሁለት ወገኖች ነገ ጠዋት ተነስተው «በቃን» ቢሉ ጦርነቱ ይቆማል ወይ? የሚቆም ከሆነ፣ የውጭ እጅ ቢገባበትም ጦርነቱ የራሳቸው ነው። የማይቆም ከሆነ ግን ተዋጊዎቹ የጦርነታቸው ባለቤት አይደሉም።

ይህን ጥያቄ እንደ ኮሪያ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። እኛም ደግሞ እጃችን አለበት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ኮሪያ ከ1910 ጀምሮ በጃፓን ቅኝ ግዛት ስር ነበረች። በ1945 ጃፓን ልትወድቅ ስትል ሶቪየቶች በሰሜን በኩል ገቡ። የአሜሪካ ጦር ገና ሩቅ ነበር። ኦገስት 10 ሌሊት ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት ኮሎኔሎች ተጠርተው አገሪቱን የሚከፍል መስመር ፈልጉ ተባሉ። አንዱ ቻርልስ ቦንስቲል ነው። ሌላው ዲን ረስክ ነው፤ በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው። የተሰጣቸው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በእጃቸው የነበረው ካርታ የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ካርታ ነበር። ዋና ከተማዋ ሴኡል በአሜሪካ በኩል እንድትቀር 38ኛውን ትይዩ መረጡ። ሶቪየቶችም ያለ ክርክር ተቀበሉ። ያን ሌሊት አስተያየቱን የተጠየቀ ኮሪያዊ የለም።

እዚህ ላይ «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው» ማለት ይቀናናል። ተረቱ እውነት አለው፤ ግን ጎዶሎ ነው። የኮሪያው ሳር ዝሆኖቹን እየሄደ ይጠራ ነበር። የሰሜኑ ኪም ኢል ሱንግም የደቡቡ ሲንግማን ሪም አገሪቱን በጉልበት አንድ ማድረግ ይፈልጉ ነበር። በ1948 ጄጁ በተባለችው ደሴት የተነሳው አመፅ ሲደመሰስ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ዋናው ጦርነት ሊጀመር ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። በድንበሩም መስመር ግጭት የዘወትር ነገር ነበር። ስለዚህ የእርስ በርስ ጦርነቱ ከባዕድ እጅ የተፈለፈለ አይደለም። ቤት ውስጥ የነበረ ጠብ ነው።

ጠቡ ወደ ሙሉ ጦርነት እንዲያድግ ግን ፈቃድ አስፈለገው። ኪም በ1949 ሞስኮ ሄዶ ስታሊንን ጠየቀ፤ ስታሊን አልፈቀደም። በ1950 መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ቅድመ ሁኔታው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ማኦ ይስማማ። ሁለተኛ፣ ነገሩ ቢበላሽ የሶቪየት ወታደር አይመጣም። ቲ-34 ታንኮች መጡ፤ የጦር ዕቅዱን በማውጣት ላይ የሶቪየት አማካሪዎች ተቀመጡ። ጁን 25 ቀን 1950 የሰሜኑ ጦር ድንበሩን ጥሶ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ነው የሆነው። ሶቪየት ኅብረት በቻይና ወንበር ጉዳይ አኩርፋ ከፀጥታው ምክር ቤት ስለቀረች ድምፅን በድምፅ የሚሽር አልነበረም። በተባበሩት መንግሥታት ስም ጦር ተላከ። ሴፕቴምበር ላይ አሜሪካዊው ጄኔራል ማክአርተር ኢንቾን ወደብ ላይ ወርዶ የሰሜኑን ጦር ከኋላ ቆረጠው። ወደ ቻይና ድንበር ሲጠጋ ደግሞ ቻይናዎች «በጎ ፈቃደኛ» በሚል ስም በመቶ ሺዎች ገቡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሴኡል አራት ጊዜ ከእጅ እጅ ተዛወረች።

ሰማይ ላይ የሆነው ደግሞ ለብቻው ይነገር። ሚግ-15 የተባሉትን ጄቶች ያበርሩ ከነበሩት ብዙዎቹ የሶቪየት አብራሪዎች ናቸው። አውሮፕላኖቹ ላይ የሰሜን ኮሪያ ወይም የቻይና ምልክት ተቀብቷል። አብራሪዎቹ በሬዲዮ ሩሲያኛ እንዳይናገሩ ታዘው ነበር። ውጊያው ሲጦፍ ግን ማን ያስታውሳል? በሩሲያኛ መጮኻቸው አልቀረም። አሜሪካኖችም ሰምተዋል፤ ያውቁ ነበር። ሆኖም ዝም አሉ። በይፋ ቢናገሩ ሕዝባቸው «እንግዲያስ ሩሲያን እንውጋ» ይላል ብለው ፈሩ። ሁለቱ ታላላቆች በቀጥታ እየተገዳደሉ፣ እንዳልተያዩ ሆነው ሦስት ዓመት ያህል ቆዩ። ለራሳቸው ሕዝብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ማድረግ ይችሉ ነበር። ለኮሪያ ሕዝብ ግን ማንም እንዲህ አልተጠነቀቀም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የተኩስ ማቆም ንግግር የተጀመረው ጁላይ 10 ቀን 1951 ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ግንባሩ ረግቷል፤ ማንም ማንንም ጠራርጎ እንደማያሸንፍ ሁሉም አውቆታል። ፊርማው የተፈረመው ግን ጁላይ 27 ቀን 1953 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲደረግ ነበር? ዋናው ክርክር ምርኮኞች በግድ ይመለሱ ወይስ እንደ ፍላጎታቸው ይሁን የሚል ነበር። ዋዛ ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን በ1952 ኪም ኢል ሱንግ ራሱ ጦርነቱ እንዲያበቃ ይፈልግ ነበር። የአሜሪካ ቦምብ አገሩን አመድ አድርጎበታል። ማኦ እምቢ አለ፤ ስታሊንም ከማኦ ጋር ቆመ። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ ስታሊን ከቻይናው ቹ ኤንላይ ጋር ሲነጋገር፣ ሰሜን ኮሪያዎች ከሞቱባቸው ሰዎች በስተቀር ያጡት ነገር የለም የሚል ቃል መናገሩ በውይይቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። ለስታሊን አሜሪካ እዚያ ተይዛ ብትቆይ መልካም ነበር። የኛ ሰው «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስታሊን ማርች 5 ቀን 1953 ሞተ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞስኮ ጦርነቱ እንዲቆም ወሰነች። ከሞተ አምስት ወር ሳይሞላ ፊርማው ተፈረመ። ጦርነቱን ያስቆመው አንድ ሽማግሌ ሞስኮ ውስጥ መሞቱ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

በደቡብ በኩልስ? እዚያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አሜሪካ ማቆም ፈለገች፤ ሲንግማን ሪ አልፈልግም አለ። ጁን 18 ቀን 1953 የእስረኞች ካምፕ በር አስከፍቶ 27 ሺህ ያህል የሰሜን ምርኮኞችን ለቀቀ። ድርድሩን ለማፍረስ ነው። አልፈረሰም። አሜሪካ የመከላከያ ውልና እርዳታ ቃል ገብታ ዝም አሰኘችው። የተኩስ አቁሙን ሰነድ የፈረሙት የተባበሩት መንግሥታት ዕዝ፣ የሰሜን ኮሪያ ጦርና የቻይና «በጎ ፈቃደኞች» ናቸው። ደቡብ ኮሪያ በገዛ አገሯ ጦርነት መዝጊያ ላይ አልፈረመችም። የሞተው ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው ይገመታል፤ አብዛኛው ሲቪል ነው።

የኛ ቃኘው ሻለቃም እዚህ መሀል ነበር። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ሻለቃ በሜይ 1951 ፑሳን ደረሰ። የአሜሪካ መሣሪያ ታጠቀ፤ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ስር ገባ። ጃንሆይ ምክንያታቸው ግልፅ ነበር። ጣሊያን ሲወርረን ጄኔቫ ላይ ጮኸን የሰማን የለም፤ ስለዚህ የጋራ ደኅንነት የሚባለው ነገር ሲፈተን እኛ አንቀርም የሚል ነው። ይህን አከብራለሁ። የራሳቸውም ስሌት ነበራቸው ብል ግን ስድብ አይሆንም። በሜይ 1953 ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ። አስመራ የነበረው የአሜሪካ መገናኛ ጣቢያም ያው የቃኘው ስም ወጣለት።

ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ሜይ 1953። ስታሊን ከሞተ ሁለት ወር ሆኖታል። ድርድሩ ሊያልቅ የቀሩት ነጥቦች ጥቂት ናቸው። በዚያው ወር የቃኘው ልጆች ፖርክ ቾፕ ከሚባለው ኮረብታ አካባቢ በሌሊት ከቻይናዎች ጋር ይተጋተጉ ነበር። አሜሪካኖች ያንን ኮረብታ ፊርማው ሊፈረም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትተውት ወጡ። ኮሪያ ላይ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አንድም አልተማረከም። ይህን የመጨረሻውን ስናነሳ ደረታችንን እንነፋለን፤ ይገባናልም። የመጨረሻዎቹ ወራት ሟቾች ለምን እንደሞቱ ግን ብዙ አንጠይቅም።

ታሪኩ ወደ ቤት ሲመለስ የባሰ ይወሳሰባል። በ1977 ደርግና ሶቪየት ሲወዳጁ ትናንት ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋ ሰው አንገቱን መድፋት ያዘ። ሜዳሊያውን የደበቀም አለ። ሶማሊያ በሶቪየት ታንክ ወረረችን፤ እኛ በአሜሪካ ኤፍ-5 የጦር አውሮፕላን መለስንላት። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሶቪየት ሶማሊያን ትታ ወደኛ ዞረች። የጦር መሣሪያ በአውሮፕላን ጎረፈ፤ የኩባ ወታደር በሺዎች መጣ። ያንን ድል የሚዘክረው የትግላችን ሐውልት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ቆሟል። በሥራው የተሳተፉት እነማን መሰሏችሁ? የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች። የቃኘው ዘማች በዚያ ሲያልፍ ምን ብሎ ይሆን?

«ቃኘው» ራሱ ወደ ሰሜን ሸዋ ይመልሰናል። ስሙ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። የራስ መኮንን እናት ደግሞ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው፤ የአንኮበሩ ንጉሥ። እዚያ አንኮበር ላይ የታላላቆች ፉክክር ከኮሪያ መቶ ዓመት ቀድሞ ደርሷል። በ1841 እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ መድፍና ጠመንጃ በስጦታ ይዞ መጣ፤ ኖቬምበር ላይ ውል ተዋዋለ። በ1843 ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ያንኑ ንጉሥ ሌላ ውል አስፈረመ። ቀጥሎ ጣሊያኖች መጡ። ከአንኮበር ስር ልጥ ማረፊያ ላይ ከአፄ ምኒልክ መሬት ተሰጥቷቸው የጥናት ጣቢያ አቋቋሙ። የጣቢያው አለቃ አንቲኖሪ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። በ1887 መጀመሪያ ደግሞ ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው ራምቦ ጠመንጃ በግመል ጭኖ አንኮበር ገብቷል። ከንግዱ ብዙ አላተረፈም ይባላል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጣሊያን ከምኒልክ ጋር ስምምነት አደረገች። 5 ሺህ ሬሚንግተን ጠመንጃ ትሰጣለች፤ ምኒልክ ደግሞ ጣሊያን ከአፄ ዮሐንስ ጋር በምታደርገው ጠብ ከዮሐንስ ጎን አይቆምም። ይሄ በዛሬ ቋንቋ ምንድን ነው? ንፁህ የውክልና ጦርነት ዝግጅት ነው። የተከፈለ አገር አለ፤ ሁለት ባላንጣ አለ፤ አንዱን በሌላው ላይ የሚያስታጥቅ የውጭ ኃይል አለ።

የሆነው ግን ጣሊያን እንዳሰበችው አይደለም። ምኒልክ በ1893 የውጫሌን ውል አልቀበልም አሉ። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጣሊያንን ካሸነፉት ጠመንጃዎች መካከል ጣሊያን ራሷ የሰጠችው ይገኝበታል። ልዩነቱ ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ከሻጩ ብዛትና ከክፍያው ነው። ሸዋ ከጣሊያን ብቻ አልነበረም የሚገዛው። ከፈረንሳይ ነጋዴም ይገዛል፤ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በቡና ይከፍላል። አንዱ ሻጭ ቢያኮርፍ ሌላው አለ። ኪም ኢል ሱንግ ግን ስታሊን ካኮረፈ የሚሄድበት አልነበረውም።

ምኒልክን እዚህ ጋ ቅዱስ ላደርጋቸው አይደለም። ያ ስምምነት ሲፈረም ዮሐንስ አሉላን ይዘው ባሕሩ በኩል ከጣሊያን ጋር ተፋጠው ነበር። ከትግራይ ሆኖ ያን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሌላ ስሜት ቢሰማው አልፈርድበትም። ይህን ጥቂት ሰው ሸዋ ውስጥ ሲያነሳው ሰምቻለሁ፤ ብዙዎቻችን ግን ከአድዋ ጀምረን ነው የምንተርከው።

መለኪያውን ወደ ቅርቡ እናምጣው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥትና የሕወሓት ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተጨናነቀች። ከጣርማ በር ወዲህ ያለው ሰው ሁሉ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር። ያኔ አንዱ ወገን ምዕራባውያን ናቸው አለ፤ ሌላው ወገን የባሕር ማዶ ድሮን ነው አለ። ሁለቱም ባዶ ወሬ አልነበረም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ሁለቱ ሲፈርሙ ግን በመካከላቸው የነበረው ተኩስ በአብዛኛው ቆመ። የአሜሪካ ግፊትም የአፍሪካ ኅብረት ሽምግልናም ነበረበት፤ ያም ሆኖ ቁርጡ የመጣው ከፈራሚዎቹ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያልነበሩት ጉዳዮችና ያልፈረሙት ኃይሎች ደግሞ ሳይፈቱ ቀሩ። እንግዲህ በኔ መለኪያ ያ ጦርነት ከሁሉ በፊት የኛ ነበር። የሚመች መልስ አይደለም። «የውጭ እጅ ነው» ማለት ይቀላል፤ ከጎረቤት ጋር ስላለው የመሬት፣ የሥልጣንና የበቀል ጉዳይ ከመነጋገር ያድናላ። ባላንጣህን ተላላኪ ካልከው ጥያቄውን መስማት አይጠበቅብህም። የላኪው ጉዳይ ነዋ።

ሱዳን ላይ ግን መለኪያው ሌላ ነገር ያሳያል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ሁለት ጄኔራሎች ተጣሉ፤ የሠራዊቱ አለቃ አልቡርሃንና አርኤስኤፍ የተባለው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል አለቃ ሄሜቲ። አንድ ወር ሳይሞላ ጂዳ ላይ ስምምነት ፈረሙ። ማንም አላከበረውም። ኤምሬትስ አርኤስኤፍን ታስታጥቃለች እየተባለች ትከሰሳለች፤ እሷ ትክዳለች። ግብፅ ከሠራዊቱ ጋር ናት። ከኢራንና ከቱርክ የመጣ ድሮንም ለሠራዊቱ ሲሠራ ታይቷል። ወርቅ በዚህ ይወጣል፤ መሣሪያ በዚያ ይገባል። ኮሪያ ላይ ቢያንስ በር አንኳኪው የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ያውቅ ነበር፤ ሞስኮ፣ ቤጂንግ፣ ዋሽንግተን። አንዱ ሲሞት ነገሩ ተከፈተ። ሱዳን ላይ ግን አንዱ እጁን ቢሰበስብ ሌላው ቦታውን ይሞላል። በሴፕቴምበር 2025 አሜሪካ፣ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስና ግብፅ አንድ ላይ ሆነው የተኩስ ማቆሚያ ሐሳብ አወጡ። በቀጣዩ ወር የዳርፉሯ ከተማ ኤል ፋሸር በአርኤስኤፍ እጅ ወደቀች። በመተማ በኩል ወደኛ የሚገባው ስደተኛ የሚያመልጠው ከዚህ ነው። የምኒልክ ዘዴ፣ ሻጭን ማብዛት፣ ለአንድ ንጉሥ ነፃነት ነበር። ለሁለት ጄኔራሎች ሲሆን ግን ማለቂያ የሌለው ስንቅ ሆነ።

ኮሪያስ ዛሬ? የሰላም ውል የለም፤ ያለው ያው የ1953ቱ ተኩስ አቁም ነው። መካከል ላይ 4 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ባዶ ቀጠና ተዘርግቷል። በደቡብ 28 ሺህ 500 ያህል የአሜሪካ ወታደር አለ። ለውጡ ሌላ ቦታ ነው። ትናንት መሣሪያ ይለምኑ የነበሩት ዛሬ መሣሪያ አቅራቢ ሆነዋል። ደቡብ ኮሪያ ለፖላንድ ታንክና መድፍ ትሸጣለች። ሰሜን ኮሪያ በጁን 2024 ከሩሲያ ጋር የመረዳዳት ውል ፈርማ፣ በዚያው ዓመት መጸው ላይ በሺዎች የሚቆጠር ወታደር ወደ ሩሲያው ኩርስክ ግዛት ላከች። የኪም ኢል ሱንግ የልጅ ልጅ ለሞስኮ ጥይትና ሰው ያቀርባል። አያቱ ሞስኮን ፈቃድ ይለምን ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ የደቡቡ ወንበር አሁንም ባዶ ነው። በሴፕቴምበር 2025 ኪም ጆንግ ኡን ለምክር ቤቱ ባደረገው ንግግር፣ አሜሪካ የኑክሌር መሣሪያህን ፍታ ማለቷን ከተወች ከእሷ ጋር ለመቀመጥ ምክንያት እንደማይጠፋ ተናግሯል። ከሴኡል ጋር ግን በምንም ጉዳይ እንደማይቀመጥ በዚያው ንግግር ላይ አስታውቋል።